የክሮሞዞም ቁጥር ላይ ፕሮጀክት ለምትሰሩ፦ ተክል ይሻላል ወይስ ነፍሳት?

ሰሞኑን የባዮሎጂ ተማሪዎች ከድሬም ከሐረርም "የክሮሞዞም ቁጥር እንዴት እንደሚለዋወጥ መስራት እፈልጋለሁ ግን በምን ልጀምር፣ በተክል ነው በነፍሳት?" እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልፃፈው አልኩ። እኔ ሐረር ነው ያለሁት፣ ስላይድ ስጨፈልቅ ብዙ አመት አልፎኛል፣ እና የማውቀውን ሳልቆጥብ ነው የምነግራችሁ። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ ደስ ያለውን ፍጥረት ይመርጥና ከዛ በኋላ ጥያቄ ይፈልግለታል፣ እንደዛ ሲሆን ግማሽ ሴሚስተር ያልቃል። ጥያቄው ይቅደም።

ቁጥር የሚለወጥበት መንገድ በጥቅሉ ሁለት ነው። አንደኛው ስብስቡ በሙሉ ሲደገም ነው፣ 14 የነበረው በአንዴ 28 ሲሆን ማለት ነው፣ ፖሊፕሎይድ የምንለው። ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ክሮሞዞም ተጣብቆ አንድ ሲሆን ወይ አንዱ ተሰንጥቆ ሁለት ሲሆን ነው፣ እዚህ ላይ ቁጥሩ የሚወጣውም የሚወርደውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ተክሎች ሁለቱንም ያደርጋሉ፣ ነፍሳት ግን በአብዛኛው ሁለተኛውን። እ.ኤ.አ. በ2009 (አመተ ምህረት ካላልኩ በቀር አመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣ ትልቅ ጥናት በአበባ ተክሎች ላይ አዲስ ዝርያ ከተፈጠረባቸው አጋጣሚዎች 15 በመቶው፣ በፈርኖች ደግሞ 31 በመቶው ከስብስብ መደገም ጋር አብሮ የመጣ ነው ብሎ ገምቷል፣ ይሄ ቀላል ቁጥር አይደለም። በነፍሳት ይሄ ለምን እንደሚከብድ ሙለር የሚባለው የጄኔቲክስ ሰው በ1925 ያቀረበው ሀሳብ አለ፣ ወንድና ሴት በፆታ ክሮሞዞም በሚለዩበት ፍጥረት ሁሉም ነገር ሲደገም የፆታው ሚዛን ይዛባል የሚል ነው። ዛሬ ሌሎች ምክንያቶችም ይጨመራሉ ግን ያለ ወንድ የሚራቡ አንዳንድ ነቀዞች ላይ ሶስት እጥፍ ስብስብ መገኘቱ ሀሳቡን ያጠናክረዋል፣ ፆታ ከሌለ ችግሩም የለማ።

ስለዚ ጥያቄያችሁ "መደገም" ከሆነ ወደ ተክል ሂዱ፣ "መጣበቅና መሰንጠቅ" ከሆነ ወደ ነፍሳት። ይሄን ከወሰናችሁ በኋላ ነው የትኛው ተክል የትኛው ነፍሳት የሚለው የሚመጣው፣ እዛ ላይ ነው ልዩነቱ የሚበዛው።

ከተክል ልጀምር። ቀይ ሽንኩርት ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ 16 ክሮሞዞም፣ ትልልቅ፣ በ40 ሌንስ እንኳን ቁጭ ብሎ ይታያል። አልበርት ሌቫን የሚባለው ስዊድናዊ በ1938 ኮልቺሲን፣ የህዋስን መከፋፈል መሃል ላይ የሚያስቆመው ኬሚካል፣ የሽንኩርት ስር ላይ ምን እንደሚያደርግ ያሳየ ሰው ነው፣ ያው ሰውዬ በ1956 ከጆ ሂን ቲዮ ጋር ሆኖ የሰው ልጅ ክሮሞዞም 48 ሳይሆን 46 መሆኑን ያረጋገጠ ነው፣ ሁለቱም እጃቸውን ያሟሹት ተክል ላይ ነው። ስለዚ ሽንኩርት ለልጅ ነው ብላችሁ አትናቁት። ግን ለፕሮጀክት ጥያቄ አይሆናችሁም፣ ምክንያቱም ነጭ ሽንኩርትም 16 ነው፣ ትንንሹ የሐበሻ ሽንኩርትም 16 ነው፣ ሶስቱን ብታወዳድሩ የቁጥር ለውጥ የሚባል ነገር አታገኙም። እጃችሁን አለማምዱበትና እለፉ። ድሬ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ውሃውን ቶሎ ስለሚያሸተው ጠዋትና ማታ ቀይሩ፣ ካልሆነ ስሩ ሳያድግ ይበሰብሳል።

ስንዴና ገብስ ለመጀመሪያ ፕሮጀክት እኔ ከሁሉም በላይ የምመክረው ነው። ገብስ 14፣ የፓስታ ስንዴ ማለትም ዱረም 28፣ የዳቦ ስንዴ 42። ሁሉም የ7 ብዜት ነው፣ ስሩ በሁለት ሶስት ቀን ይወጣል፣ ክሮሞዞሙ ትልቅ ነው። ከጀርባ ያለው ታሪክም ግልፅ ነው፣ 28 ያለው ስንዴ 14 ካለው የዱር ሳር ጋር ተዳቀለ፣ ከአንዱ 14 ከሌላው 7 መጥቶ 21 ሆነ፣ 21ዱም ጥንድ ስለሌላቸው እንዲህ አይነት ዲቃላ ብዙውን ጊዜ መካን ነው፣ ከዛ ስብስቡ በሙሉ ሲደገም 42 ሆነና ሁሉም ጥንዱን አገኘ። ገብስ የስንዴ አባት አይደለም፣ ዘመድ ነው፣ ይሄን ሪፖርት ላይ የሚያሳስት ተማሪ በየአመቱ አለ። ቀፊራም ሆነ ሐረር ገበያ የምትገዙት እህል ግን ዱረሙና የዳቦው ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል ከቻላችሁ ስሙ የታወቀ ዘር ከእርሻ ምርምር ጠይቁ፣ ካልቻላችሁም ከገበያው ብዙ ፍሬ አብቅላችሁ የእያንዳንዱን ፍሬ ቁጥር ለብቻ መዝግቡ። ስሩን ከመቁረጣችሁ በፊት ኮልቺሲን አያስፈልግም፣ 24 ሰአት በረዶ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል፣ በረዶውን ከጁስ ቤት በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ይቻላል። ኮልቺሲን መርዝ ነው፣ ጓንትና የሚያሳይ ሰው ከሌለ አትንኩት።

አሁን በጣም የምወደው ላይ ደረስኩ፣ ጎመን። ጃፓን ይሰራ የነበረው ዉ ጃንግ ቹን በ1935 ያወጣው ሶስት ማዕዘን አለ፣ ሶስቱ ጫፍ ላይ ሶስት የጎመን ወገኖች አሉ፣ በመሃላቸው ደግሞ ከነሱ መዳቀል የተወለዱ ሶስት ሌሎች። አንደኛው ጫፍ ሰናፍጭ ነው፣ 16። ሌላኛው ጫፍ ጥቅል ጎመን ነው፣ 18። ሁለቱ ተዳቅለው የተገኘው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር፣ የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፣ 34! 8 እና 9 ሲደመር 17፣ ሲደገም 34። አለም ላይ ያለ የጄኔቲክስ ተማሪ በስዕል ብቻ የሚያየውን እኛ ጓዳችን ውስጥ አለን፣ ሶስቱንም ዘር በአንድ ጠዋት ገበያ ዞሮ መሰብሰብ ይቻላል፣ የጥቅል ጎመኑን ከእርሻ ግብአት ሱቅ፣ ሰናፍጩንና ጎመን ዘሩን ከቅመም ተራ። ይሄ እኮ ሌላ አገር ቢሆን በፖስታ ታዝዞ የሚመጣ ነው።

ችግሩ ክሮሞዞማቸው ትንንሽ ነው። ከስንዴው ጋር ሲወዳደር ነጥብ ነጥብ ነው የሚመስለው፣ 100 ሌንስና ዘይት የግድ ነው፣ ጥሩ የተበታተነ ህዋስ ለማግኘት 20 ስላይድ ልትሰሩ ትችላላችሁ። ሌላው ችግር ሰናፍጭ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይነት አለመሆኑ ነው፣ ቆጥራችሁ 36 ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ ያ ብራሲካ ጁንሲያ የሚባለው ሌላኛው ዲቃላ ነው፣ ከሰናፍጩ 8 እና ከሶስተኛው ጫፍ 10 ተደምሮ 18፣ ሲደገም 36። እንደውም ይሄ ከሆነ ፕሮጀክታችሁ ይበልጥ ያምራል። ስንዴ ወይስ ጎመን ካላችሁኝ ማይክሮስኮፑ ደካማ ከሆነና ጊዜው አጭር ከሆነ ስንዴ፣ ጥሩ ሌንስና ቢያንስ ሁለት ወር ካላችሁ ጎመን፣ እኔ ብሆን ጎመን።

ጤፍ ልስራ የምትሉ ትመጣላችሁ፣ የራሳችን ነው፣ ስሜቱ ይገባኛል። ጤፍ 40 ነው፣ ይሄም የሁለት ስብስቦች ድምር ነው፣ ግን ክሮሞዞሙ እጅግ ትንሽ ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ በጤፍ ነው የጀመርኩት፣ የሰራሁበት ላብ ውስጥ የነበረው 100 ሌንስ ጭረት ነበረው፣ አንዱ ህዋስ ላይ 36 ሌላው ላይ 38 ሌላው ላይ 41 እየቆጠርኩ ሁለት ወር ሄደብኝ፣ ያ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል። ለሁለተኛ ዲግሪ አስቀምጡት። ቡናም እንደዛው፣ የሐረር ቡናን ጨምሮ አረቢካ በሙሉ 44 ነው፣ ሮቡስታና ዩጀኒዮይዲስ የሚባሉት 22 22 ያላቸው ወላጆቹ ተዳቅለው የተገኘ ነው፣ ታሪኩ በጣም ደስ ይላል ግን ዘሩ ለመብቀል ብቻ ከወር በላይ ይፈጃል፣ ክሮሞዞሙም ትንሽ ነው፣ ወላጆቹንም እዚህ እንደልብ አታገኙም። የባቢሌ ለውዝ 40 ነው፣ 20 20 ያላቸው ሁለት የደቡብ አሜሪካ የዱር ዘመዶች ድምር፣ እሱም ወላጆቹ እዛው ስለሆኑ ማወዳደሪያ ያጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ማሽላ 20 ነው፣ በቆሎም 20 ነው፣ ሐረርጌ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ታዩአቸዋላችሁ። ቆጥራችሁ "ቁጥራቸው እኩል ነው ስለዚ ለውጥ የለም" ብትሉ ትሳሳታላችሁ፣ ምክንያቱም የበቆሎ ቅድመ አያት ከማሽላ መስመር ከተለየ በኋላ ስብስቡ በሙሉ ተደግሞ ነበር፣ ከዛ ክሮሞዞሞቹ እየተጣበቁ ተመልሶ 20 ላይ ወረደ። እኩል ቁጥር እኩል ታሪክ ማለት አይደለም፣ ቆጠራ ብቻውን ይሄን አያሳያችሁም፣ የጂኖም ዳታ ያስፈልጋል። የጤፍና የለውዝ 40ም እንደዛው አጋጣሚ ነው፣ አይዛመድም።

ወደ ነፍሳት እንምጣ። እዚህ ለጀማሪ አንድ ምርጫ ብቻ ነው ያለኝ፣ ፌንጣ። ወንድ ፌንጣ። ቀንዷ አጭር የሆነችው ተራዋ ፌንጣ፣ በ2012 አመተ ምህረት አካባቢ ሰማዩን ሸፍኖ የመጣውን የበረሃ አንበጣ ጨምሮ፣ አብዛኛው ወንዱ 23 ሴቷ 24 ነው። ሴቷ ኤክስ የሚባለው የፆታ ክሮሞዞም ሁለት አላት፣ ወንዱ አንድ ብቻ፣ ዋይ የሚባል የለውም፣ ስለዚ በሚዮሲስ ጊዜ፣ ማለትም የዘር ህዋስ በሚሰራበት ክፍፍል፣ 11 ጥንድ እና ብቻዋን የቆመች አንዲት ኤክስ ታያላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ጠቁራ ስለምትታይ አትሸወዱም። ሚዮሲስ ከነደረጃው በአንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ሁሉም አለ፣ ከሽንኩርት ይህን አታገኙም። ሰተን የሚባለው አሜሪካዊ በ1902 ውርስ በክሮሞዞም ነው የሚተላለፈው ለማለት የቻለው የፌንጣ ህዋስ እያየ ነው።

ለምን ፌንጣ ለመጣበቅ ጥያቄ ይሆናል ካላችሁ፣ ሮበርትሰን የሚባለው ሰው በ1916 የፌንጣ ወገኖችን ሲያወዳድር ነው ሁለት ባለ አንድ ክንድ ክሮሞዞም ጫፋቸው ተጣብቆ አንድ ባለ ሁለት ክንድ እንደሚሆን ያስተዋለው (ክንድ ማለት ክሮሞዞሙ ሲከፋፈል ከሚጎተትበት ቦታ ወደ አንድ ጎን የተዘረጋው ክፍል ነው)፣ እስከዛሬ በስሙ ነው የምንጠራው። በደምብ የሚታወቅ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ አንዳንድ ፌንጣዎች ወንዱ 23 ሳይሆን 17 ነው። ስድስት ጠፋ ማለት ነው? አልጠፋም። ከ17ቱ ውስጥ 6ቱ በመሃል የታጠፉ ባለ ሁለት ክንድ ናቸው፣ ያ 12 ክንድ፣ ሌሎቹ 10 አንድ አንድ ክንድ፣ ኤክስ 1፣ ድምር 23። ቁጥሩ ወረደ፣ ክንዱ ግን እንዳለ አለ። ስለዚ ነፍሳት ላይ ስትሰሩ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ቁጠሩ፣ ክሮሞዞሙንም ክንዱንም፣ ክንድ ያልቆጠረ ሪፖርት እኔ ጋ ሲመጣ እመልሰዋለሁ። ተክልም ላይ መጣበቅ አለ፣ ላብ ውስጥ ታዋቂዋ አራቢዶፕሲስ 16 ከነበረው ቅድመ አያት በመጣበቅ ነው 10 የሆነችው፣ ግን በአይን ለማየት ትንሽ ናት፣ በፌንጣ ይሻላል።

ሲያዝ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሳሩ ላይ ሞልቷል። ወንዱ ከሴቷ አነስ ይላል፣ የሆዱ ጫፍ ድፍን ያለ ነው፣ የሴቷ ግን እንቁላል መቅበሪያ ሹል ሹል ነገር አለው። ጫት ማሳ ዳር መድሃኒት ከተረጨበት ቦታ አትያዙ፣ ህዋሱ ተበላሽቶ ነው የምታገኙት። የዘር ፍሬውን አውጥታችሁ ወዲያው ሶስት እጅ አልኮል አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ክተቱት፣ ውሃ የሌለበት ወፍራሙን አሲድ ነው ያልኩት፣ ኮምጣጤ አይሰራም።

ሌሎቹን ነፍሳት ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ትንኝ ልስራ የሚሉ ድሬ ብዙ አሉ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬ ላይ ከተነሳው ወባ ጋር የተያያዘችውን አኖፌሊስ ስቴፈንሲን ስለሰሙ ነው፣ ጉዳዩ የራሳቸው ስለሆነ ፍላጎቱን አከብራለሁ። ግን ትንኝ ማለት ይቻላል ሁሉም 6 ነው፣ አኖፌሊስም 6 ኤደስም 6፣ በቁጥር ላይ ለሚሰራ ሰው ምንም የሚወዳደር የለውም። ትንኝ ላይ የሚለዋወጠው የክሮሞዞሙ ውስጥ ቅደም ተከተል ነው፣ ያ ሌላ ፕሮጀክት ነው። ደግሞ በምንም አይነት ወባ አስተላላፊ ትንኝ ቤታችሁ ወይም ዶርም አታርቡ።

ጉንዳን ላይ ያለው የቁጥር ልዩነት ያስገርማል፣ አውስትራሊያ ውስጥ በ1986 የተዘገበች አንዲት ጉንዳን ሴቷ 2 ብቻ ወንዱ 1 ብቻ ነው ያላት፣ በሌላ ጫፍ ብራዚል ውስጥ ያለች ደግሞ 120 አላት። ንብና ጉንዳን ላይ ወንዱ ካልተዳቀለ እንቁላል ስለሚወለድ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው፣ የማር ንብ ሰራተኛዋ 32 ድንጉላው 16 ነው፣ ድንጉላ ካገኛችሁ ቆጠራው ቀላል ነው። ግን የጉንዳን ዝርያ መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ዝርያዋን ያላወቃችሁትን መቁጠር ደግሞ ዋጋ የለውም። ንቡን ተለማመዱበት፣ ጉንዳኑን የሚለይ ሰው ካላገኛችሁ ተዉት።

ቢራቢሮ። እዚህ ትንሽ ልቆይ። አብዛኛው ክሮሞዞም ሲከፋፈል የሚጎተትበት አንድ ቦታ አለው፣ ሴንትሮሜር። ከተሰበረ ሴንትሮሜር የሌለው ቁራጭ ይጠፋል። ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ላይ ግን መጎተቻው በርዝመቱ ሙሉ የተዘረጋ ስለሆነ ቢሰበርም ሁለቱም ቁራጭ ይተርፋል። ለዚህ ነው 31 ጥንድ ከነበረው የጥንት መነሻ አንዲት የሰሜን አፍሪካ ሰማያዊ ቢራቢሮ 229 ጥንድ ድረስ የደረሰችው። የሐር ትል 28 ጥንድ ነው፣ በጉሎ ቅጠል የሚረባው ኤሪ የሚባለው ደግሞ በመጣበቅ 14 ጥንድ ላይ ወርዷል፣ ግማሽ ማለት ነው፣ ሁለቱን ማግኘት የሚችል ሰው ካለ ግሩም ማወዳደሪያ ነው። የሚገርመው ይሄ የተዘረጋ መጎተቻ ተክል ላይም አለ፣ ቡና ሲፈላ የምንጎዘጉዘው የቄጤማ ቤተሰብ ላይ! ከዛ ቤተሰብ ውስጥ 4 ብቻ ያለውም ከ100 በላይ ያለውም አለ። ተክልና ነፍሳትን በአንድ ጥያቄ ማገናኘት የሚፈልግ ጎበዝ ተማሪ ካለ መንገዱ ይሄ ነው፣ ግን ሴንትሮሜሩ ስለማይታይ ክንድ መቁጠር አይቻልም፣ ትንንሽ ነጥቦች ብቻ ናቸው፣ አማካሪያችሁ የሰራበት ሰው ካልሆነ አትግቡበት። ክሽክሽም እንደዛው ነው፣ የበቆሎ ክሽክሽ የሚባለው ማሽላና በቆሎ ላይ ሲገኝ 8፣ ገብስ ላይ ሲገኝ 10 ሆኖ ተቆጥሯል፣ ምግቡ ሲለያይ ቁጥሩም መለያየቱ ማሳችን ላይ ሊፈተሽ የሚችል ነገር ነው፣ አቦ አንድ ሰው ይስራው።

ላብ የሌላችሁ ወይም ኬሚካሉ ያለቀባችሁ ደግሞ በኮምፒውተር መስራት ትችላላችሁ። የተክል ክሮሞዞም ቆጠራዎችን የሰበሰበ ነፃ ዳታቤዝ አለ፣ የጥንዚዛም ለብቻው አለ፣ ከዝርያዎቹ የዘር ግንድ ስዕል ጋር ክሮምኢቮል የሚባለው በ2010 የወጣ ፕሮግራም ውስጥ ስታስገቡት በየቅርንጫፉ ላይ መጨመር፣ መቀነስ፣ መደገም የቱ እንደሚመስል ይገምትላችኋል። ወጪው ላፕቶፕና ኢንተርኔት ብቻ ነው። ተማሪ ሁልጊዜ የሚሳሳትበት ቦታ ግን ማስገቢያው ላይ ነው፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ግማሽ ቁጥሩን ነው፣ ስንዴ 21 እንጂ 42 አይደለም። ወንድ ፌንጣ 23 ተብሎ ሲመጣችሁ 11 ተኩል ልትፅፉ አትችሉም፣ የሴቷን 24 ወስዳችሁ 12 አድርጉ፣ ለሁሉም ዝርያ ያንኑ ህግ ተከተሉ። ንብ ላይ የድንጉላው 16 ራሱ ግማሽ ቁጥሩ ስለሆነ እንደገና አትካፈሉት። ለነፍሳት ስትሰሩ መደገም ያለበትንና የሌለበትን ሞዴል ሁለቱንም አስኪዱና አወዳድሩ፣ መደገም ብሎ ካወጣላችሁ መጀመሪያ ዳታው ውስጥ ሙሉና ግማሽ ቁጥር ተቀላቅሎ እንደሆነ ፈትሹ፣ 16 እና 32 ጎን ለጎን ከተፃፈ ለፕሮግራሙ መደገም ነው የሚመስለው።

ክረምት ላይ ፌንጣ የምትይዙ ከሆነ አልኮሉንና አሲዱን ከግንቦት በፊት አስጠይቁ፣ የግዢ ወረቀቱ ሲዞር ሳሩ ይደርቃል። ስንዴና ጎመን ግን ነገ ጠዋት ዘሩን እርጥብ ጨርቅ ላይ ብትዘሩት በዚህ ሳምንት ስር ትቆርጣላችሁ።